በሰው ፊት መቆም፤ ከሰቆጣ የሻደይ ሜዳ እስከ ቴአትር ቤት የፈተና ክፍል

(በሬዲዮ ከተሰጠ ንግግር የተወሰደ)



የዛሬው ንግግራችን በሰው ፊት ለመፈተን ከመቆም አስቀድሞ ስለሚመጣው ፍርሃት ነው። ይኸውም በተለይ ወጣቶቻችን ተዋናይ ለመሆን ሲሹ በቴአትር ቤት በሚደረገው የተዋናይ ምርጫ፣ ዛሬ «ኦዲሽን» እየተባለ በሚጠራው ፈተና፣ ስለሚገጥማቸው መርበትበት ነው። ነገሩን ላይ ላዩን ሲያዩት የልጅ ሐፍረት ይመስላል። ዳሩ ግን ስንት ባለ ተሰጥኦ በዚያች ጥቂት ደቂቃ ድምፁ ታፍኖ፣ ጉልበቱ ተብረክርኮ፣ «እኔስ ለዚህ አልተፈጠርኩም» ብሎ ወደ አገሩ እንደሚመለስ ያሰብን እንደ ሆነ፣ ጉዳቱ የአንድ ሰው ብቻ ሳይሆን የአገር ሀብት መባከን መሆኑ ይገለጥልናል።

ይህን ጉዳይ ለመመርመር መነሻ የምናደርገው የዋግ ኽምራን ደጋ፣ በተለይም ሰቆጣንና ዙሪያዋን ነው። «ስለ ቴአትር ሊነገር ሲገባ ስለ ምን ወደ ሰቆጣ?» የሚል አድማጭ ይኖር ይሆናል። መልሱ ቀላል ነው። በሰው ፊት የመቆም ጥበብ ከቴአትር ቤት ሕንጻ እጅግ የቀደመ ነው። ይህም ጥበብ በዋግ ምድር እስከ ዛሬ በአደባባይ ይታያል።

ዋግ የጥንት የአገው ምድር ነው። ገዥዎቹ ዋግሹሞች ትውልዳቸውን ከዛጔ ነገሥታት ሲቈጥሩ ኖረዋል፤ ከእነርሱም መካከል ዋግሹም ጎበዜ ዐፄ ተክለ ጊዮርጊስ ተብለው ከ1860 እስከ 1863 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ነግሠዋል። ከሰቆጣ ከተማ ብዙም ሳይርቅ ከአለት የተፈለፈለው ውቅር መስቀለ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን ይገኛል። እንግዲህ ባለ ጉዳይ በሹም ፊት፣ ካህን በታቦት ፊት፣ ልጃገረድ በመንደሩ ሁሉ ፊት መቆም በዚህ ምድር እንግዳ ነገር አይደለም። ሰው በሚቆምበት ስፍራ ሁሉ ደግሞ ፍርሃት አለ። አባቶቻችንና እናቶቻችን ይህን ፍርሃት እንደምን አድርገው እንደ ገሩት አንድ በአንድ እንመልከት።

በመጀመሪያ ሻደይን እንውሰድ። የፍልሰታ ጾም በተፈታ ጊዜ፣ ከነሐሴ 16 ቀን ጀምሮ እስከ 21፣ የዋግ ልጃገረዶች ሻደይ የተባለውን ለምለም ቅጠል በወገባቸው አሥረው፣ ፀጉራቸውን ተሠርተው፣ በሚያምር ልብስና ጌጥ ተሸልመው፣ ከበሮ እየመቱ በቤተ ክርስቲያን ደጅና በየመንደሩ ይጫወታሉ። ይኸው በዓል በላስታ አሸንድዬ፣ በራያ ቆቦ ሶለል፣ በትግራይ አሸንዳ እየተባለ ይጠራል። ስለ በዓሉ ውበት ብዙ ተብሏል። እኛ ግን ዛሬ የምንመለከተው አሠራሩን ነው።

ጨዋታው ሲጀመር አንዲት አቀንቃኝ ግጥሙን ታወጣለች፤ ሌሎቹ በጭብጨባና በከበሮ ይቀበላሉ። ታናናሾቹ ከእኩዮቻቸው ጋር ተቧድነው ታላላቆቻቸውን እያዩ ያድጋሉ። ገና ነፍስ ያላወቀች ሕፃን «ነይ፣ በዚህ ሁሉ ሕዝብ ፊት ብቻሽን ዝፈኚ» አትባልም። አስቀድማ ዳር ቆማ ታጨበጭባለች፤ ቀጥሎ ከተቀባዮቹ መካከል ትገባለች፤ ቃሉንና ዜማውን ከብዙ ጊዜ ልማድ የተነሣ እንደ ስሟ ካወቀችው በኋላ፣ አንድ ቀን አውጪ ትሆናለች። ያን ቀን ልቧ አይመታም ማለት አይደለም። ነገር ግን ቃል ቢጠፋት ከኋላዋ የሚቀበሏት እኅቶቿ አሉ። ትንፋሽ ቢያጥራት ከበሮው አይቋረጥም። ፍርሃቷን ብቻዋን አትሸከምም።

ሁለተኛው ምሳሌያችን የቅኔ ቤት ነው። በሰሜኑ ደጋችን ሁሉ እንደሚታወቀው፣ የቅኔ ተማሪ ከሰው ተለይቶ ጸጥ ካለ ስፍራ ቅኔውን ሲቈጥር ይውላል፤ ከዚያም መጥቶ በመምህሩ ፊት ይነግራል። መምህሩም ያቀናል፣ ይነቅፋል፣ ያሻሽላል። ይህ በየቀኑ የሚደረግ ፈተና ነው። ሥርዓቱ ግን በደረጃ የተሠራ ነው። ተማሪው አስቀድሞ ሁለት ቤት ባላት በጉባኤ ቃና ይጀምራል። ከእርሷ ወደ ዘአምላኪየና ወደ ሚ በዝኁ፣ ከዚያም ወደ ዋዜማና ወደ ሥላሴ እያለ ይወጣና ስምንት ቤት ወዳለው ወደ መወድስ ይደርሳል። በታላቅ በዓል ቀን በሊቃውንት መካከል ቆሞ ቅኔ የሚያቀርበው ሰው፣ ከዚያ በፊት በመምህሩና በጓደኞቹ ፊት ስንት ጊዜ ተሳስቶ እንደ ታረመ ቍጥሩን ራሱም አያውቀውም። ቅኔው ሲያምርም ሊቃውንቱ «ይበል! ይበል!» ይሉታል። ይህች አጭር ቃል ለሚርበተበት ሰው ምን ያህል ምርኩዝ እንደምትሆን የቆመበት ያውቀዋል። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» የሚለውን ተረት ቅኔ ቤት በተግባር አስተምሮታል።

ሦስተኛው ምሳሌ የችሎትና የጀግና አደባባይ ነው። በቀድሞው የሙግት ሥርዓት፣ «በላ ልበልሃ» በሚባለው፣ ተሟጋቹ ሸማውን አሳምሮ፣ ብዙ ሰው ተሰብስቦ እያየው ነገሩን ያሰማ ነበር። የሚጀምረውም ባልተዘጋጀ ቃል አልነበረም። ከልጅነቱ ጀምሮ ሲሰማው ያደገው የታወቀ የአነጋገር ወግ ነበረውና፣ አንደበቱ በዚያ ወግ ላይ ሲሮጥ ልቡ ይረጋለት ነበር። ፎካሪውም እንዲሁ ነው። «ዘራፍ!» ሲል የመጀመሪያዋን ቃል ለመፈለግ አይጨነቅም፤ ቃሏ ከአባቶቹ ተቀብታ ቆይታዋለች። ደግሞም ቃሏ ትንፋሽን ከሆድ ስባ የምታወጣ፣ ደረትን የምትከፍት፣ ጭንቅን ወደ ወኔ የምትለውጥ ናት። ከእርሷ በኋላ ያለው ሁሉ በራሱ ይከተላል።

ከእነዚህ ከሦስቱ የምንማረው አንድ ነገር ነው። አባቶቻችን ፍርሃትን «አጥፋው» አላሉም፤ ሥርዓት አበጁለት እንጂ። ሥርዓቱም በሦስት ነገር ይጠቃለላል። አንደኛው ደረጃ ነው፤ ሰው ከትንሹ ወደ ትልቁ ይወጣል። ሁለተኛው ተቀባይ ነው፤ ሰው ብቻውን አይቆምም። ሦስተኛው የታወቀ መጀመሪያ ነው፤ የፊተኛዋ ቃል አስቀድማ በአፍ ውስጥ ትገኛለች።

አሁን ወደ ቴአትር ታሪክ እንለፍ። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ አሥርተ ዓመታት በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም በሩሲያና በሌላም የአውሮፓ አገር ያዩትን ጥበብ በአማርኛ ለማሳየት አስበው፣ በአውሬዎች ምሳሌነት የተጻፈ ኮሜዲያ አዲስ አበባ በሚገኝ ሆቴል በመኳንንት ፊት አሳዩ። ይህም የመጀመሪያው የአማርኛ ቴአትር ተብሎ ይታወቃል። ከእርሳቸው ቀጥሎ ስሙ የገነነው ቀኝ ጌታ ዮፍታሔ ንጉሤ የጎጃም የደብረ ኤልያስ ሰው ሲሆን፣ ዕውቀቱን ያገኘው ከቅኔ ቤት ነው። ወደ አዲስ አበባ መጥቶ መምህር በሆነ ጊዜ ድርሰቱን የሚያጫውተው በተማሪዎች ነበር። በዚያ ዘመን ሴቶች ገና ወደ መድረክ አልወጡምና የሴቱን ክፍል የሚጫወቱት ወንዶች ልጆች ነበሩ። በሐምሌ ወር 1927 ዓ.ም. መኰንን ሀብተ ወልድ የሀገር ፍቅር ማኅበርን አቋቋሙ። በ1948 ዓ.ም. ደግሞ የንጉሠ ነገሥቱ የ25 ዓመት የዘውድ በዓል ሲከበር፣ ዛሬ ብሔራዊ ቴአትር የሚባለው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር በራስ ቢትወደድ መኰንን እንዳልካቸው ድርሰት፣ በ«ዳዊትና ኦርዮን»፣ ተከፈተ። ከዚያም በ1955 ዓ.ም. በዩኒቨርሲቲው የኪነ ጥበባትና የቴአትር ማዕከል ተቋቋመ። በ1970ዎቹም መጀመሪያ ቴአትር በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ራሱን የቻለ የትምህርት ክፍል ሆነ።

ልብ በሉ፤ በመጀመሪያው ዘመን ተዋናይ የሚሆነው ሰው በአብዛኛው መምህሩ የሚያውቀው ተማሪ ወይም ከማኅበሩ ጋር የዋለ ሰው ነበረ። የቅኔ ቤቱ ሰንሰለት ገና አልተበጠሰም ነበር። ቴአትር ቤቱ እየሰፋ፣ ፈላጊውም እየበዛ በሄደ ጊዜ ግን መምረጥ ግድ ሆነ። ያን ጊዜ አንድ አዲስ ነገር መጣ። ወጣቱ ወደማያውቀው ክፍል ይጠራል፤ ከጠረጴዛ ኋላ ከተቀመጡ የማያውቃቸው ሰዎች ፊት ብቻውን ይቆማል፤ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ የሚችለውን ያሳያል፤ «አመሰግናለሁ፤ የሚቀጥለው ይግባ» ይባላል። ደረጃ የለም። ተቀባይ የለም። «ይበል» የሚልም የለም። እንግዲህ በሻደይ ሜዳ ሳትፈራ የዘፈነች የሰቆጣ ልጅ በዚህ ክፍል ብትርበተበት የሚያስደንቀው ምኑ ነው? ልጅቱ አልተለወጠችም፤ የተለወጠው አቋቋሙ ነው።

ለዋግ ልጅ ደግሞ ሌላ ሸክም ይጨመርበታል። በዋግ ኽምራ ብዙ ሰው አፉን የፈታው በኽምጣና ቋንቋ ነው። በኽምጣና እያሰበ ያደገ ወጣት በአማርኛ የተጻፈ ቃለ ተውኔት ይዞ ሲቆም፣ አንድ ፈተና ሁለት ይሆንበታል። ቃሉን ያስታውሳል፣ አነጋገሩንም ይጠብቃል። «በአነጋገሬ ይስቁብኝ ይሆን?» የሚለው ሐሳብ ከሁሉ በላይ ጉሮሮን የሚያንቅ ነው። ይህን የማያውቅ ፈታኝ መደናቀፉን ብቻ አይቶ ተሰጥኦ የለውም ብሎ ይፈርድበታል።

የአባቶቻችን ሥርዓት ከዘመናዊው ምርምር ጋር መስማማቱን ደግሞ እንመልከት። ዋልተር ካነን የተባለው አሜሪካዊ የሕክምና ሊቅ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1915 ባሳተመው መጽሐፍ፣ ፍርሃትና ቍጣ ሰውነትን እንደምን እንደሚያዘጋጁት አስረድቷል። በኩላሊት ላይ ከተቀመጡት ዕጢዎች አድሬናሊን የተባለው ንጥረ ነገር ወደ ደም ይገባል፤ ልብ ይፈጥናል፤ ደም ወደ ጡንቻ ይሄዳል። የእጅ መቀዝቀዝ፣ የአፍ መድረቅ፣ የሆድ መረበሽ ሁሉ ከዚሁ የሚመጣ ነው። እንግዲህ ይህ ምልክት የደካማነት አይደለም፤ ሰውነት ለታላቅ ሥራ መነሣቱን የሚያሳይ ነው።

በ1965 ደግሞ ሮበርት ዛየንስ የተባለ የሥነ ልቡና ሊቅ እንዳስረዳው፣ ሰው የተመልካች ዓይን ሲያርፍበት ጠንቅቆ የሚያውቀውን ነገር ከወትሮው ይልቅ አሳምሮ ይሠራል፤ ገና ያላወቀውን ግን ከወትሮው ይልቅ ያበላሻል። የቅኔና የዜማ መምህራን ተማሪውን «ገና ነህ፤ ድገመው» እያሉ የሚያደክሙት ምክንያት ከዚህ የራቀ አይደለም። በ2014 እንዲሁ አሊሰን ዉድ ብሩክስ የተባለች የሃርቫርድ ተመራማሪ፣ በሰው ፊት ሊዘፍኑና ሊናገሩ የተዘጋጁ ሰዎችን መርምራ፣ «ተረጋግቻለሁ» ብለው ራሳቸውን ከሚያባብሉት ይልቅ «ጓጉቻለሁ፣ ተነሣሥቻለሁ» የሚሉት የተሻለ እንደሚሠሩ አገኘች። እኛ ለዚህ ከጥንት ጀምሮ ቃል አለን፤ ወኔ እንለዋለን። ፈሪውም ባለ ወኔውም ልቡ ይመታል፤ ደሙ ይሞቃል። ልዩነቱ ለሚሰማው ነገር የሚሰጠው ስም ነው።

ደግሞም ይህ መርበትበት የጀማሪ ብቻ እንዳይመስላችሁ። በእንግሊዝ አገር ከተነሡት ተዋንያን ሁሉ ከታላላቆቹ የሚቈጠረው ሎሬንስ ኦሊቪየር፣ በ1960ዎቹ የፈረንጅ ዓመታት፣ በዝናው ጫፍ ላይ ሳለ፣ ብርቱ የመድረክ ፍርሃት ይዞት ዓመታት ቆይቶበታል። ጸጋዬ ገብረ መድኅን ወደ አማርኛ የመለሰውን የሼክስፒርን «ኦቴሎ» ኦሊቪየር በሚጫወትበት ጊዜ፣ ኢያጎን ሆኖ የሚሠራው ፍራንክ ፊንሌይ ከዓይኑ እንዳይርቅበት ይለምነው እንደ ነበር ተጽፏል። እንዲህ ያለ ሰው እንኳ የፈለገው ተቀባይ ነው! ከእርሱ ቀደም ብሎ የነበረው የሞስኮው ስታኒስላቭስኪም ተዋናዩ ጨለማውንና ተመልካቹን ከማሰብ ይልቅ ልቡናውን በቅርቡ ባለች ጠባብ የብርሃን ክብ ውስጥ እንዲሰበስብ ያስተምር ነበር። በሕዝብ መካከል ሆኖ ብቻውን እንዳለ መሆን ማለት ነው። ቅኔ ቈጣሪው ዓይኑን ጨፍኖ በሰው መካከል ሐሳቡን የሚሰበስበው ከዚህ በምን ይለያል?

እንግዲህ ለፈተና የሚዘጋጅ ወጣት ምን ያድርግ? በፈተናው ክፍል የጎደሉትን ሦስት ነገሮች ራሱ ይዞ ይግባ እንላለን።

ስለ ደረጃ። ቃለ ተውኔቱን አስቀድሞ ብቻውን ሜዳ ላይ ይበለው። ቀጥሎ ለታናሽ ወንድሙ ወይም ለእኅቱ፣ ከዚያ ቡና ለሚጠጡ ጎረቤቶች፣ ከዚያ በትምህርት ቤት በሰልፍ ፊት፣ በመጨረሻም ለማያውቀው ሰው ያሰማው። የፈተናው ክፍል የመጀመሪያው ሳይሆን የአሥረኛው መቆሚያው ይሁን። ከሰቆጣ እስከ አዲስ አበባ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ መሆኑንም አይርሳ። ሌሊቱን በአውቶቡስ ሲንገላታ አድሮ በማለዳ ለፈተና መቆም ፍርሃትን መጋበዝ ነው። ቢቻል አንድ ቀን አስቀድሞ ደርሶ፣ በልቶ፣ ተኝቶ፣ የሚፈተንበትን ቤት ደጅ አይቶ ይመለስ።

ስለ ተቀባይ። ብቻውን አይሂድ። ክፍሉ ውስጥ ባይገባለት እንኳ ደጅ የሚጠብቀው ጓደኛ ይኑረው። በቃለ ተውኔቱ ውስጥም የሚነጋገረው ከማን ጋር እንደ ሆነ ለይቶ ይወቅ፤ ከእናቱ ጋር ከሆነ እናቱ በዚያ ግድግዳ አጠገብ ቆማ እንደምትሰማው ያስብ። ያን ጊዜ ዓይኑ ፈታኞቹን ትቶ ወደ ሥራው ይመለሳል።

ስለ መጀመሪያው ቃል። ስሙን፣ አገሩንና የሚያቀርበውን ነገር የሚናገርባት አጭር አረፍተ ነገር ከቃለ ተውኔቱ ይልቅ አጥብቆ ይጥናት። ከዚያ በፊት ትንፋሹን ቀስ ብሎ አስገብቶ፣ ከዚያም ይልቅ ቀስ ብሎ ያውጣ። ወጣቱ ዘራፉን ይዞ ይግባ ማለታችን ነው። ልብን በመጠጥ ወይም በጫት ማደፋፈር ግን አጥብቆ ይራቅ፤ መጠጥ ፍርሃትን ሲያስረሳ ቃሉንም አብሮ ያስረሳልና።

ፈታኞችም ድርሻ አላቸው። የሚፈልጉት ችሎታን እንጂ ድንጋጤን እስካልሆነ ድረስ፣ ለገባው ልጅ በመጀመሪያ የለመደውን እንዲያቀርብ ቢፈቅዱለት ምን ይጐድልባቸዋል? የሰቆጣዋ ልጅ አስቀድማ በኽምጣና አንድ ዜማ ታሰማ፤ ድምፅዋ ከተከፈተ በኋላ አማርኛውን ትቀጥል። የተደናቀፈም ሁለተኛ ጊዜ ይሞክር። ከጠረጴዛው ኋላ ከተቀመጡት አንዱ ቃለ ተውኔቱን ይዞ ይመልስለት፤ ተቀባይ ይሁነው። ይህ ማድላት አይደለም። መምህራነ ቅኔ ተማሪያቸውን ሲያቀኑ አድልተውለታል ያለ ማንም የለም።

በመጨረሻም መምህራንና ወላጆች ልብ ሊሉት የሚገባ ነገር አለ። ልጅ በሰው ፊት ሲሳሳት የምንስቅበት ከሆነ፣ ከብዙ ዓመት በኋላ በፈተናው ክፍል የሚያንቀው የዚያን ቀኑ ሳቅ ነው። ልጅ ሲሳሳት አርመን፣ ሲያምርለት «ይበል» ያልነው እንደ ሆነ ግን፣ አዲስ አበባ ድረስ የሚከተለው ስንቅ አስይዘነዋል። በየዓመቱ ነሐሴ ሲመጣ በዋግ ሜዳ ላይ ከበሮው ይመታል፤ ትናንት ዳር ቆማ ታጨበጭብ የነበረችው ዛሬ ታወጣለች። ያንን ሥርዓት ወደ ትምህርት ቤታችንና ወደ ቴአትር ቤታችን ለማምጣት አዲስ ሕንጻ መሥራት አያሻም፤ የቆመውን የሚቀበል ሰው መኖሩ ይበቃል።